ቀለህ አልወጣ ያለው ጠመንጃ

የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የጥይቱ ርቀት፣ የአፈሙዙ ስፋትና የተኳሹ ጀግንነት ነው። ጥይቱ ከሄደ በኋላ በጠመንጃው ውስጥ የሚቀረው ባዶ ቀለህ ግን የታሪክ ጸሓፊዎችን ዓይን እምብዛም አይስብም። ይሁን እንጂ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የወታደር ሞትና ሕይወት በዚህች ቁራጭ ብረት መውጣትና አለመውጣት የተወሰነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን አዲስ የተሠሩ ጠመንጃዎች ቀለሃቸውን አናወጣም ብለው ያስቸገሩባቸውን ሦስት ታላላቅ አጋጣሚዎች እናወሳለን። ዓላማችን የጦር መሣሪያን ለማወደስ አይደለም፤ አንድ ጉድለት በተገኘ ጊዜ ሰዎች ምክንያቱን እንዴት እንደ ፈለጉትና አንዳንድ ጊዜም እንዴት እንደ ሸሸጉት ለመመልከት ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ቃል ለዚህ ታሪክ መግቢያ ይበቃናል።

በቀድሞው ዘመን ጠመንጃ የሚጐርሰው በአፉ ነበረ። ወታደሩ ባሩዱን በአፈሙዙ ጨምሮ፣ ዐረሩን አስከትሎ፣ በዘንግ እየጠቀጠቀ ይተኩስ ነበር። ይህ አሠራር አዝጋሚ ቢሆንም አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ ከተኩሱ በኋላ ከጢስና ከጥላሸት በቀር በውስጡ የሚቀር ነገር አልነበረም። ዐረሩንና ባሩዱን አንድ ላይ የያዘው የብረት ቀለህ ተፈልስፎ ጠመንጃ በኋላው መጕረስ በጀመረ ጊዜ ግን የተኩሱ ፍጥነት በብዙ እጥፍ ጨመረ፤ ከፍጥነቱም ጋራ ቀድሞ ያልነበረ አዲስ ችግር ተወለደ። የገባው ሁሉ መውጣት አለበትና!

የዚህ አዲስ ጠመንጃ አንዱ ዐይነት በአገራችን በደንብ የታወቀው ሰናድር ነው። ስሙ ስናይደር ከተባለው ፈልሳፊ የመጣ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ጦር በታላቅ ውጊያ ላይ መጀመሪያ ከተጠቀመባቸው ስፍራዎች አንዱ የኛው አገር ነው፤ ይኸውም ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አቅራቢያ በአሮጌ ሜዳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋራ በተጋጠመ ጊዜ ነው። ያ ጀግና ሠራዊት በአፉ በሚጐርስ ጠመንጃና በጦር እየታገለ በኋላው ከሚጐርስ መሣሪያ ጋራ ሲገናኝ የደረሰበትን ጕዳት ታሪክ መዝግቦታል። ሰናድር ግን በዚያ ሁሉ ፍጥነቱ ቀለሁን በራሱ ወርውሮ የሚጥል መሣሪያ አልነበረም። ተኳሹ መዝጊያውን ወደ ጎን ገልብጦ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ቀለሁ ከማደሪያው በጥቂቱ ይወጣል፤ ከዚያም ጠመንጃውን ገልበጥ አድርጎ ቀለሁን ወደ መሬት ያፈሰዋል።

ታሪኩን ከመቀጠላችን በፊት የቀለህን ጠባይ በአጭሩ ማስረዳት ይገባናል። ባሩዱ በተቀጣጠለ ጊዜ የሚፈጠረው ኀይለኛ ትፋሽ ዐረሩን ወደ ፊት እንደሚገፋው ሁሉ የቀለሁንም ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቀለሁም ተለጥጦ ከጥይት ማደሪያው ግድግዳ ጋራ ይጣበቅና ትፋሹ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳያፈተልክ ይከለክላል። ዐረሩ ከአፈሙዙ ወጥቶ ግፊቱ ሲወርድ መልካም ናስ የሆነ እንደ ሆነ መልሶ በጥቂቱ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ በመዝጊያው ላይ ያለው ጥፍር የቀለሁን ጠርዝ ይዞ በቀላሉ ይስበዋል። መለጠጥና መሰብሰብ፣ መጣበቅና መላቀቅ፣ የምሥጢሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው።

እንግዲህ ቀለሁ አልወጣ ባለ ጊዜ ምክንያቱ በአራት ስፍራ ይፈለጋል። አንደኛው በቀለሁ ነው፤ ብረቱ ከልክ በላይ የለሰለሰ እንደ ሆነ ከተለጠጠ በኋላ አይሰበሰብም። ሁለተኛው በማደሪያው ነው፤ ግድግዳው የዛገ፣ የተቦረቦረ ወይም የቈሸሸ ከሆነ ቀለሁ በቡርቡሩ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። ሦስተኛው በጊዜው ነው፤ መሣሪያው በራሱ የሚከፈት ሲሆንና ግፊቱ ሳይወርድ መዝጊያው ከተከፈተ ጥፍሩ ገና የተጣበቀውን ቀለህ ለመንቀል ይታገላል። አራተኛው በጥፍሩ ነው፤ ደካማ የሆነ እንደ ሆነ ይስታል፤ ብርቱ ሆኖ ቀለሁ ያልተላቀቀ እንደ ሆነ ደግሞ ጠርዙን ገንጥሎ ይመጣል። አስተዋይ ጠመንጃ ሠሪ ከእነዚህ ከአራቱ አንዱን ብቻ አይቶ አይፈርድም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱና ሦስቱ ተባብረው ይገኛሉና። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው አጋጣሚ በአሜሪካ የሆነ ነው። ሰኔ 25 ቀን 1876 በሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ ኮሎኔል ከስተር ከላኮታና ከሻየን ሕንዶች ጋራ ተዋግቶ አብረውት ከነበሩት ከ200 ከሚበልጡ ወታደሮች ጋራ አለቀ። ወታደሮቹ የያዙት የ1873ቱን ስፕሪንግፊልድ አጭር ጠመንጃ ሲሆን ቀለሁ የተሠራው ከናስ ሳይሆን ከመዳብ ነበር። መዳብ ከናስ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ሲለጠጥ እሺ ይላል፣ ሲሰበሰብ ግን ይለግማል። ከዚህም በላይ ጥይቱ በቆዳ ዝናር ውስጥ ሲቆይ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያበቅል ነበር። በዚያው ውጊያ በሌላ በኩል ተከበው የተረፉትን ወታደሮች ይመራ የነበረው ሻለቃ ሬኖ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለጦር መሣሪያ መሥሪያ ቤት በጻፈው ደብዳቤ በእጁ ከነበሩት 380 ጠመንጃዎች ስድስቱ በዚህ ምክንያት ከጥቅም ውጭ እንደ ሆኑ አመለከተ። መዝጊያው ሲከፈት የቀለሁ ራስ ተገንጥሎ ይመጣል፤ ቱቦው ግን በውስጥ ይቀራል፤ በሜዳ ላይም የሚያወጣው መሣሪያ የለም።

ይህ ወሬ ከተሰማ በኋላ ብዙ ሰዎች ከስተርን የገደለው መዳብ ነው እስከ ማለት ደረሱ። እዚህ ላይ ግን ታሪክ አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። በ1983 በዚያ ሜዳ ላይ ሣሩ በቃጠሎ ስለ ተገለጠ፣ የጥንት ቅርስ መርማሪዎች በ1984ና በ1985 ሜዳውን ቈፍረው የወደቁትን ቀለሆች እያነሡ በማጉያ መነጽር መረመሩ። በስለት ወይም በሌላ ሹል ነገር ተፈልቅቆ የወጣ ቀለህ ምልክት ይኖረዋልና እሱን ፈለጉ። ያን ምልክት የያዙት የተገኙት ከመቶ አምስት እንኳ የማይሞሉ ናቸው። ስለዚህ ጉድለቱ እውነት ነበር፤ የሽንፈቱ ዋና ምክንያት ግን አልነበረም። ከስተር የተሸነፈው ጦሩን ከፋፍሎ ኀይሉን በማያውቀው ብዙ ተቃዋሚ መካከል በመግባቱ ነው። ለአዛዥ ስሕተት ቀለህን ተጠያቂ ማድረግ ይቀላል፤ ቀለህ አፍ አውጥቶ አይከራከርምና።

ሁለተኛው አጋጣሚ በጎረቤታችን በሱዳን ምድር የተፈጸመ ነው። እንግሊዞች በ1871 ማርቲኒ ሄንሪ የተባለውን ጠመንጃ ለሠራዊታቸው ተቀበሉ። ጠመንጃው ብርቱና ፈጣን ነበር፤ ቀለሁ ግን ከአንድ ወጥ ናስ የተሳበ ሳይሆን ከስስ የናስ ቅጠል የተጠቀለለና በብረት መቀመጫ ላይ የተያያዘ ነበር። በእንግሊዝ አገር ቀዝቃዛ የተኩስ ሜዳ ላይ ሥራውን በሚገባ ሠራ። ጥር 17 ቀን 1885 በአቡ ክሌያ የጄኔራል ጎርዶንን ነፍስ ለማዳን ወደ ካርቱም ይገሠግሥ የነበረው ጦር ከማህዲ ተከታዮች ጋራ በተጋጠመ ጊዜ ግን የበረሃው አሸዋና የተኩሱ ግለት ያን ስስ ቅጠል ፈተኑት። ጠርዙ እየተገነጠለ ጥቅሉ በማደሪያው ውስጥ ቀረ። ያመጡት ጋርድነር የተባለ መትረየስም በዚያው ሰዓት ተነከሰ። አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰለፈው ጦር በአንድ ማዕዘን ተሰብሮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ70 የሚበልጡ እንግሊዞች ወደቁ፤ ከማህዲ ሰዎችም እጅግ ብዙ ሞቱ።

ይህ ነገር በሎንዶን ጋዜጦችና በምክር ቤት ብዙ ክርክር አስነሣ። መድኃኒቱም ተገኘ፤ የተጠቀለለው ቀለህ ቀርቶ ከአንድ ወጥ ናስ የተሳበ ቀለህ ተሠራ። በኋላ በወጡትም ማርቲኒ ጠመንጃዎች ላይ ቀለሁን ለመሳብ ብርታት እንዲሰጥ መዝጊያውን የሚከፍተው ማንሻ እንዲረዝም ተደረገ። በዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ የመሣሪያ ፈተና ሙሉ የሚሆነው መሣሪያው በሚውልበት አገር፣ በሚገጥመው አቧራና ሙቀት፣ በደከመና በደነገጠ ሰው እጅ ሲፈተን ብቻ መሆኑን ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው አጋጣሚ ለዘመናችን የቀረበ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአሜሪካ አርማላይት በተባለ ድርጅት ይሠራ የነበረው ዩጂን ስቶነር ባዶውን 3 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን፣ ጥይቱ 5.56 ሚሊሜትር የሆነ ቀላል ጠመንጃ ፈለሰፈ። ኮልት የተባለው ፋብሪካ በ1959 የመሥራቱን መብት ገዛ። በ1962 አንድ ሺህ ያህል ጠመንጃዎች ለፈተና ወደ ቬትናም ተልከው የመጣው ወሬ እጅግ ያማረ ነበር። በ1963 መጨረሻ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ በነበረበት ዘመን 85,000 ለምድር ጦር፣ 19,000 ለአየር ኀይል እንዲሠራ ታዘዘ። ይህ መሣሪያ በኋላ በዓለም ሁሉ የታወቀው ኤም 16 ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው መልካም ነበር። ነገር ግን ጠመንጃው የተፈተነው ዱፖንት የተባለው ኩባንያ በሚሠራው የባሩድ ዐይነት ነበር። ጦሩ ለጥይቱ የወሰነውን ፍጥነትና የግፊት ልክ በዚያ ባሩድ በብዛት ለማሟላት አስቸጋሪ ስለ ሆነ በ1964 ቅንጣቱ ክብ የሆነ፣ ኦሊን የተባለ ኩባንያ የሚሠራው ሌላ ባሩድ ተፈቀደ። ሁለቱ ባሩዶች ዐረሩን እኩል ያስወነጭፋሉ፤ አቃጠላቸው ግን አንድ አይደለም። አዲሱ ባሩድ ትፋሹ ወደ መዝጊያው በሚሄድበት ቀዳዳ በኩል የበለጠ ግፊት ስለሚሰጥ መዝጊያው ከተወሰነለት ጊዜ ቀድሞና ፈጥኖ መከፈት ጀመረ። በደቂቃ ከ850 እንዳይበልጥ የታሰበው ተኩስ ወደ 1,000 ተጠጋ። ከዚህም በላይ በባሩዱ ውስጥ አሲድ እንዳይፈጠር የተጨመረው ካልሲየም ካርቦኔት፣ ይኸውም የኖራ ድንጋይ ዐይነት ነገር፣ በትፋሹ ቱቦ ውስጥ እየተጋገረ ይቀር ነበር። ስቶነር ስለዚህ ለውጥ አሳቡን የተጠየቀው ውሳኔው ካለፈ በኋላ ነበር።

ይህ ብቻ አይደለም። ቀደም ሲል በሠራዊቱ እጅ የነበረው ኤም 14 ጠመንጃ ማደሪያው ዝገትን በሚከላከል ክሮሚየም የተለበጠ ነበር፤ የአዲሱ ግን አልተለበጠም። የቬትናም ምድር ደግሞ ዝናብ የማይለየው፣ ረግረጉ የበዛ፣ ብረት በአንድ ሌሊት የሚዝግበት አገር ነው። በመጨረሻም አዲሱ ጠመንጃ ብዙ መወልወል አያስፈልገውም የሚል ወሬ ስለ ተነዛ ለብዙ ወታደር በቂ የመወልወያ ዘንግና ቅባት ሳይታደል፣ የአያያዙም ትምህርት ሳይሰጥ ቀረ። እንግዲህ ቀደም ብለን የዘረዘርናቸው ምክንያቶች አንድ ባንድ ሲሰበሰቡ እናያለን፤ ማደሪያው ዛገ፣ ጊዜው ተዛባ፣ ቈሻሻው በዛ፣ ጥፍሩም ገና ያልተላቀቀ ቀለህ እንዲነቅል ተገደደ።

ውጤቱ በ1966ና በ1967 ታየ። ወጣቶቹ ወታደሮች አንድ ጥይት ተኩሰው ሁለተኛውን ሊተኩሱ ሲሉ ቀለሁ በማደሪያው ውስጥ ይቀራል፤ ጥፍሩ ጠርዙን ይስታል ወይም ገንጥሎት ይመለሳል። ቀለሁን ለማውጣት የሚቻለው ዘንግ በአፈሙዙ አስገብቶ ከፊት በመግፋት ነበር። እስቲ አንባቢያችን ያስተውል! ከመቶ ዓመት የፍልስፍና ጥበብ በኋላ በዓለም ላይ አዲስ የተባለው ጠመንጃ እንደ አያቶቻችን ጠመንጃ በአፉ ዘንግ የሚገባበት ሆነ። ዘንግ ያገኘው ወታደር ከጠመንጃው ጋራ አስሮ ይዞት ይዞር ነበር፤ አንዱ ዘንግ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። ዘንግ ያላገኘው ግን ምን ያድርግ? ወላጆች ከልጆቻቸው የተቀበሉትን ደብዳቤ ለምክር ቤት አባሎችና ለጋዜጦች ላኩ፤ በደብዳቤዎቹም ጠመንጃቸው እንደ ተነከሰ ስለ ሞቱ ጓደኞች ተጽፎ ነበር።

ከመሥሪያ ቤቶቹ በኩል የመጣው የመጀመሪያ መልስ ግን ወታደሩ ጠመንጃውን አልወለወለም የሚል ነበር። በዚህ ቃል ውስጥ ጥቂት እውነት አለ፤ ያልተወለወለ ጠመንጃ ይነከሳልና። ሆኖም ዘንግ ያልሰጡትን ሰው ለምን አልወለወልህም ብሎ መክሰስ፣ ባልዲ ነሥቶ ውሃ ስላልቀዳህ ነው የተጠማኸው እንደ ማለት ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው ሁሉ፣ በወረቀት ላይ መልካም ፈተና ያለፈ መሣሪያ በሜዳ ላይ ሰው ሲያስጨርስ እንኳ ወረቀቱ ይታመን ነበር።

በ1967 የአሜሪካ የሕዝብ ምክር ቤት ነገሩን የሚመረምር ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩም ሪቻርድ አይኮርድ ነበሩ። ኮሚቴው ወታደሮችን፣ ፋብሪካውን፣ ስቶነርንና የጦር ሹማምንትን ጠየቀ። ካገኛቸውም ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ይህ ነው። ፋብሪካው ጠመንጃዎቹን ለመንግሥት ከማስረከቡ በፊት በሚያደርገው ፈተና፣ በአዲሱ ባሩድ የተሞላው ጥይት የተኩሱን ፍጥነት ከልክ በላይ ስለሚያደርገው በሌላ ባሩድ በተሞላ ጥይት እንዲፈትን ተፈቅዶለት ነበር። ወታደሩ ግን ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ የሚታደለው ያንኑ አዲሱን ባሩድ ነው። ጠመንጃው በአንድ ጥይት ይፈተናል፣ በሌላ ጥይት ይዋጋል! ይህን ያደረገ አንድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የጥይቱን ጉዳይ የሚመለከተው ክፍል የጥይቱን ልክ ጠበቀ፣ የጠመንጃውን የሚመለከተው ክፍል የጠመንጃውን ልክ ጠበቀ፣ ፋብሪካው ውሉን ጠበቀ፤ ሁሉም በየወረቀታቸው ትክክል ነበሩ። ጥይቱና ጠመንጃው በአንድ ላይ የተገናኙት በወታደሩ እጅ ብቻ ነበር። ኮሚቴውም በጥቅምት ወር 1967 ባወጣው መግለጫ ሥልጣን ያላቸው የጦሩ ሹማምንት የጥይቱን ጉድለት ሳያርሙ መቅረታቸው ወደ ወንጀል የሚጠጋ ቸልተኝነት መሆኑን አስታወቀ።

መድኃኒቱ ከታወቀ በኋላ ሥራው እጅግ የከበደ አልነበረም። ለተኩሱ ፍጥነት ልጓም የሚሆን፣ መዝጊያውን ከኋላ የሚቀበል ከበድ ያለ አዲስ ክፍል ተሠራ። የጥይት ማደሪያው፣ ቈይቶም የአፈሙዙ ውስጥ በሙሉ በክሮሚየም ተለበጠ። በባሩዱ ውስጥ የነበረው የካልሲየም ካርቦኔት መጠን እንዲቀንስ ተደረገ። ዘንግና ቅባት ታደለ፤ በኋላ በተሠሩትም ላይ በሰደፉ ውስጥ የመወልወያ ዕቃ ማስቀመጫ ተከፈተ። አንዱ እርማት ብቻውን አልበቃም፤ ምክንያቱ ብዙ ስለ ነበረ መድኃኒቱም ብዙ መሆን ነበረበት።

ከእርማቶቹ ሁሉ መምህራንን ይበልጥ የሚያስደስታቸው ግን የመጨረሻው ይመስለናል። ጦሩ በ1968 የጠመንጃውን አያያዝ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሥዕሉን የሠራው ዊል አይስነር የተባለ በሥዕላዊ ታሪክ ሥራው የታወቀ ሰው ነበር። በከባድ ቃል የተሞላው መመሪያ ያላስተማረውን ነገር የሚያስቅ ሥዕልና ተራ የወታደር ቋንቋ አስተማረው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ሊያነበውና ሊያስታውሰው የሚችል ጽሑፍ ስለ ነበረ ሥራውን ሠራ። ትምህርት ከተማሪው ደረጃ ወርዶ ሲገኝ ክብሩ አይጓደልም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው ትምህርት የሚባለው።

እነዚህን ሦስት ታሪኮች አንድ ላይ ስንመለከት አንድ መልክ ይታየናል። በሦስቱም ጊዜ መሣሪያው አዲስ ነበር፤ በሦስቱም ጊዜ ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ነበር፤ በሦስቱም ጊዜ ጉድለቱን መጀመሪያ ያወቀው በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ያለው ሰው ነበር። ልዩነቱ ያ የዝቅተኛው ሰው ቃል ወደ ላይ ለመድረስ በወሰደው ጊዜ ላይ ነው። ሬኖ በሳምንታት ውስጥ ጻፈ፤ ስድስቱን ጠመንጃዎች ቈጥሮ ምን እንደ ሆኑ ገልጾ ስለ ጻፈ ነገሩ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ሊመረመር ተቻለ። በቬትናም ግን የወታደሩ ቃል በመሥሪያ ቤቱ በር ማለፍ ስላቃተው በእናትና በአባት ደብዳቤ ተዘዋውሮ በምክር ቤት በር ገባ፤ እስኪደርስም ብዙ ወጣት ሞተ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለመሥሪያ ቤትም ይሠራል።

ስለዚህ በየሥራ ክፍሉ ያለን ሰዎች፣ የምንሠራው መንገድ ቢሆን፣ መጽሐፍ ቢሆን፣ የውሃ መሣቢያ ቢሆን፣ አንድ ጥያቄ ዘወትር ብንጠይቅ መልካም ነው። የኔ ሥራ ከባልደረባዬ ሥራ ጋራ የሚገናኘው የት ነው? በፈተናችን ላይ ወይስ በተገልጋዩ እጅ ላይ? አዲስ ሥራ ሲበላሽ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ተጠቃሚው ሳይሆን ሥራው ራሱ ቢሆን፣ ምክንያቱም ከአንድ ስፍራ ብቻ ሳይሆን ከየስፍራው ቢፈለግ፣ ብዙ ድካምና ብዙ ኀዘን ይቀራል። ባዶ ቀለህ ከጣት የማትበልጥ ዕቃ ናት፤ ነገር ግን ሦስት ሠራዊቶች የሥራቸውን እውነት ያወቁት በሷ ነው።